ልጁ ይለካ!

ከጳጉሜን 2017 ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኒውክሌር ሊቅ ያልሆነ ሰው ማግኘት ተቸግረናል። ጳጉሜን 4 ቀን የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀጥለው ከሚመጡት ትልልቅ ፕሮጀክቶች አንዱ የኒውክሌር ማመንጫ መሆኑን ተናገሩ። ሁለት ሳምንት አለፍ ብሎ መስከረም 15 ቀን 2018 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የዕቅድ ሰነድ ተፈረመ። ከዚያ በኋላማ ምን ይጠየቃል! ከኃይሌ ጋርመንት ወደ ሀና ማርያም በሚሄድ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ብቻ ሦስት ዓይነት ሊቅ አዳምጫለሁ። አንደኛው "ከእንግዲህ ማን ይነካናል!" ባዩ ነው። ለእሱ ማመንጫና ቦምብ አንድ ዕቃ ነው። ሁለተኛው "የሰፈራችንን ትራንስፎርመር መጠገን ሳምንት የሚፈጅብን ሰዎች ኒውክሌር ልንነካ? አለቅን በቃ!" ይላል። ሦስተኛው ረዳቱ ነው። "መብራቱ ብቻ ይምጣ እንጂ ከፈለገ ከሲኦል ይምጣ" ብሎ ሒሳቡን ሰበሰበ።

ማመንጫው ይሠራ አይሠራ የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ቆሻሻው የት ይቀበራል የሚለውን እኔም የምጠይቀው ነገር ነው። የዛሬ ጉዳዬ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፦ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ አሮጌ ስልክና አንድ ጥቅል ጥቁር ናስትሮ።

ልጁ የአክስቴ ልጅ ነው። ሀና ማርያም ነው የሚኖሩት። ባለፈው ዓመት፣ ገና የማመንጫው ወሬ ሳይነሳ፣ ትምህርት ቤቱ ለሳይንስ ቀን ፕሮጀክት አምጡ ይላል። እሱም "ሀና ማርያም ላይ ምን ያህል ጨረራ አለ?" የሚል ርዕስ ይዞ ቀረበ። ዘዴው ቀላል ነው። የስልኩን ካሜራ ብርሃን እንዳያስገባ በናስትሮ ትሸፍነዋለህ። ከሰማይ የሚወርድ ወይም ከአፈርና ከግድግዳ የሚወጣ ቅንጣት የካሜራውን ሴንሰር ሲመታው በጥቁሩ ምስል ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል። ያንን የሚቆጥር አፕሊኬሽን አለ። አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ፣ አንድ ሌሊት እንጦጦ ዘመድ ቤት፣ አንድ ሌሊት ደግሞ አዋሽ ታላቅ ወንድሙ ጋ አሳድሮ ቁጥሩን ማወዳደር ነበር ሐሳቡ። የተሸፈነ ካሜራ ጨረራን ይቀበላል እንጂ አያመነጭም። ኬሚካል የለውም፣ አይፈነዳም፣ አይሸትም።

መምህሩ ርዕሱን አይተው "ጨረራ የሚለውን አውጣው" አሉት። ጨረራ ከወጣ ምን ይቀራል? ወደ ዩኒት መሪው ሄደ። "ወላጅ ቢሰማ ምን ይለናል? ፖሊስስ ቢጠይቅ?" ተባለ። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናትም ወሬው ደርሷቸው "የኔ ልጅ፣ ጨረራ የምትለው ነገር እንዳይጨርሰን" አሉት። (መቼም ቃሉን የመረጡልን ሰዎች ጥሩ ሥራ አልሠሩም። ጨረራ ሲባል "ጨረሰ" ያልመጣበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።) መጨረሻ ላይ ልጁ ምን ይዞ ቀረበ መሰላችሁ? ከሃይላንድ ፕላስቲክና ከአሻንጉሊት ሞተር የተሠራ የምንጣፍ መጥረጊያ። ይህ መጥረጊያ በየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ይቀርባል፤ በየዓመቱም ይሸለማል። አንድም ምንጣፍ ሲጠርግ ግን አይቼው አላውቅም።

መምህሩን አልፈርድባቸውም። አንድ ወላጅ ተቆጥቶ ቢመጣ ብቻቸውን ነው የሚቆሙት። በዚህ ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቴክሳስ ውስጥ የሱዳን ተወላጆች ልጅ የሆነው የ14 ዓመቱ አህመድ ሙሐመድ ቤቱ የገጣጠመውን ሰዓት ለመምህሩ ሊያሳይ ትምህርት ቤት ይዞ ሲሄድ ቦምብ ነው ተብሎ እጁ በካቴና ታስሯል። ፕሬዚዳንት ኦባማ ኋላ ዋይት ሐውስ ጋበዙት። የእኛን ልጅ ማንም አልጋበዘውም፤ ደግነቱ ካቴናም አልገባለትም።

እስቲ ስለዚህ ስለምንፈራው ነገር እናውራ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከላያችን ያለው አየር ስስ ስለሆነ ከሰማይ የሚወርድብን ጨረራ ጅቡቲ ባሕር ዳር ከተቀመጠ ሰው እጥፍ ያህል ይሆናል። የራሳችን ሰውነት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ብቻ በየሰከንዱ አራት ሺህ ገደማ ጊዜ ጨረራ ይተፋል። ሚኒባስ ውስጥ አራት ሆናችሁ ስትጠጋጉ እርስ በርስ ትጨራረራላችሁ ማለት ነው። በድሮ ጊዜ በሠርግና በተስካር ድንኳን የሚንጠለጠለውን ማሾ ታስታውሳላችሁ? ብዙዎቹ የያኔ ማሾዎች ላይ የሚታሰረው ነጭ ጨርቅ ቶሪየም ነበረበት፤ ቶሪየም ደግሞ ጨረራ አመንጪ ነው። ስንቱ ተዳረበት።

"ዛሬ ሌሊት ከማርስ የሚመጣ ኮስሚክ ጨረር በመሬት አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ፣ ናሳና ቢቢሲ አረጋግጠዋል" የሚለው መልእክትስ ያልደረሰው አለ? ከዓመት ዓመት እየዞረ የሚመጣ ተረት ነው። ኮስሚክ ጨረር ከጥንት ጀምሮ በየሌሊቱም በየቀኑም ይወርዳል፤ የማርስ ቀጠሮ አያስፈልገውም። ቪክቶር ሄስ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1912 መለኪያውን ይዞ በፊኛ 5,300 ሜትር ድረስ ወጥቶ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረራው እንደሚጨምር አይቶ ነው ያገኘው። ኋላም ኖቤል ተሸለመበት። የእኛ ልጅ ሐሳብ ይኸው የሄስ ሐሳብ ነው፤ በፊኛ ፈንታ የእንጦጦ ታክሲ ተጠቀመ እንጂ። እና ያንን የማርስ መልእክት ላሥር ሰው ያስተላለፈው ወላጅ ነው፣ ያንኑ ጨረር ቁጭ ብሎ ሊቆጥር የተነሳውን ልጅ "ተው፣ ታስፈጀናለህ" የሚለው።

አሁን ደግሞ ከሀና ማርያም ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቃሊቲ እንሻገር። ቃሊቲ ስንባል እስር ቤቱ፣ መናኸሪያው፣ አቧራው ነው የሚታየን። እዚያው ቃሊቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀ የዝንብ ማርቢያ እንዳለ ስንቶቻችን ሰምተናል? የሚረባው የቆላ ዝንብ ነው፤ ከብት የሚፈጀውን ገንዲ የሚያስተላልፈው። ወንዶቹ ዝንቦች በጨረራ መካን ይደረጉና በአውሮፕላን ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ላይ ይለቀቃሉ። ሴቷ የቆላ ዝንብ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው የምትገናኘው። ያን ዕድሏን ከመካኑ ጋር ከጨረሰችው ዘር የለም። ዛንዚባር ውስጥ ኡንጉጃ በተባለው ደሴት ላይ በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 የቆላ ዝንብ መጥፋቱ ታውጇል። የእኛ አገሩ ሰፊ ስለሆነ፣ ዝንቡም ከጎረቤት ሸለቆ እየተመለሰ ስለሚመጣ እንደ ደሴቷ ቀላል አልሆነም። ዝንቡ ራሱ ግን ጨረራ አይረጭም፤ ራጅ የተነሳ ሰው ቤቱ ሲገባ እንደማያበራ ሁሉ።

ጥቁር አንበሳም አለ። ከ1990ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ በጨረር የካንሰር ሕክምና የሚሰጠው እሱ ብቻ ነበር። ሕክምናውም የሚሰጠው ኮባልት 60 በሚባል ጨረራ አመንጪ ነገር ነበር። እዚያ ወረፋ የጠበቀ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጨረሩን ፈርቶ የሸሸ ሰው አላጋጠመኝም። የፈራነው ወረፋው እስኪደርስ መሞትን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥጥሩም ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የወጣው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ኒውክሌር ሊመጣ ነው ስንል፣ ከመጣ ስንት ዘመኑ።

"ልጅ ነው፣ ዛሬ ስልክ ቢሸፍን ነገ ሌላ ነገር ቢሞክርስ?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት የአሜሪካ ልጆችን ላንሳ። ዴቪድ ሃን የሚባለው የሚሺጋን ልጅ የ17 ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ከእናቱ ቤት ጓሮ በሚገኝ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሪአክተር ልሥራ ብሎ ተነሳ። ከጢስ ጠቋሚ መሣሪያዎች ውስጥ አሜሪሺየም እየፈለፈለ፣ ከማሾ ጨርቅ ቶሪየም እየሰበሰበ። ሪአክተር አልሆነለትም። ጓሮውን ግን በከለው፤ በቀጣዩ ዓመት የመንግሥት ሠራተኞች ልዩ ልብስ ለብሰው መጥተው ዕቃ ማስቀመጫውን ነቅለው በበርሜል ጫኑት። እሱም በ39 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ብዙ ያልተሳካለት ሰው ሆኖ ሞተ። ሌላኛው ቴይለር ዊልሰን ይባላል። በ14 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ አተሞችን የሚያዋሕድ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ አስነሳ። የሠራው ግን ጓሮ ውስጥ ሳይሆን ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ፕሮፌሰሮች አጠገቡ ቆመው ነው።

ሁለቱም ያው ዓይነት ጭንቅላት ነበራቸው። አንደኛው ብቻውን ቀረ፤ ሁለተኛው "ና እስቲ አሳየን" የሚል ትልቅ ሰው አገኘ። ስለዚህ ዴቪድ ሃንን ጠቅሶ ልጆችን ዝም ማሰኘት የሚፈልግ ሰው ነገሩን በተቃራኒው ነው ያነበበው። ልጅ ሲከለከል ጥያቄው አይጠፋም፤ ወደ ጓሮ ነው የሚሄደው። ሀና ማርያም ላይ ደግሞ ጓሮ ሞልቷል።

ወሰን ይኑር የሚለው ላይ ግን አልከራከርም። የጢስ ጠቋሚ መፈታት የለበትም። ጨረራ አመንጪ ነገር ከየትም ይምጣ ከየት ትምህርት ቤት መግባት የለበትም፤ አዋጁም ያለ ፈቃድ መያዙን አይፈቅድም። መለካትና መሰብሰብ ለየቅል ናቸው። ይሄን አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ለመምህራን መስጠት ቢቻል፣ እኚያ መምህርም "ጨረራ የሚለውን አውጣው" ከማለት ይልቅ የሚይዙት ወረቀት ይኖራቸው ነበር።

ወደ ትልቁ ፍርሃት ልምጣ። እኔን የሚያስፈራኝ በየጠዋቱ "ቆራሌው!" እያለ በሰፈራችን የሚያልፈው ልጅ ነው። ልጁ ራሱ አይደለም፤ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ እሱም እኔም አለማወቃችን ነው። ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ መስከረም 1987 እ.ኤ.አ.፦ ሁለት ሰዎች ባለቤቶቹ ትተውት ከሄዱት የጨረር ሕክምና ክሊኒክ አንድ ከባድ ብረት ነቅለው ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ ሲዚየም 137 ነበር። ማታ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራ ነጋዴው ተደነቀ። ጎረቤት ጠርቶ አሳየ፣ ለዘመድ ቆንጥሮ ሰጠ። የስድስት ዓመት ሕፃን በዱቄቱ ተጫወተችበት፤ በዚያው እጇ ምግብ በላች። አራት ሰው ሞተ፤ ሕፃኗ አንዷ ናት። 249 ሰው ተበክሎ ተገኘ፤ ከ110 ሺህ በላይ ሕዝብ ስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ። ሕፃኗ ልትቀበር ስትወሰድ ሕዝቡ ወጥቶ "መቃብራችንን ትበክላለች" ብሎ ድንጋይ ወረወረ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ነገሩን ሳያውቁ ሲቀሩ እጅ በእጅ ተቀባበሉት፤ ሲያውቁ ደግሞ የሕፃን ሬሳ ወገሩ። በሁለቱም ጊዜ የጎደላቸው ያው አንድ ነገር ነው።

ነገሩ የተደረሰበትስ እንዴት ነው? የነጋዴው ሚስት ሁሉም ሰው እየታመመ መሆኑን አይታ የቀረውን በከረጢት አድርጋ በአውቶቡስ ወደ ሐኪም ወሰደችው። እሷም ከሞቱት አራቱ አንዷ ናት። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ የዩራኒየም ፍለጋ ከሚሠራ መሥሪያ ቤት መለኪያ ተውሶ መጣ። ገና መንገድ ላይ ሳለ መለኪያው ጣሪያ ነካ። ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊቀይር ተመለሰ፤ ሌላኛውም ያንኑ አሳየው። ከተማዋን ያተረፈው የአንዲት ሴት ጥርጣሬና የውሰት መለኪያ ነው። ከጎያኒያ አራት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ የካንሰር ማከሚያ ኮባልት ከአሮጌ ብረት ጋር ቀልጦ ፌሮ ሆኖ ነበር። በፌሮው ቤት ተሠራበት፣ ቤቱም ፈረሰ። የተደረሰበት የጫነው መኪና አሜሪካ ውስጥ መንገዱን ስቶ በአንድ የኒውክሌር ላቦራቶሪ መለኪያ በር አጠገብ ስላለፈ ነው። ዕድል ነው እንግዲህ። ፌሮ በኪሎ ለሚገዛ ከተማ፣ ምናለሽ ተራን ለሚያክል የብረት ገበያ ባለቤት፣ ከስልክ ካሜራ በፊት ይሄ ነው የሚያሳስበው።

"መንግሥት ይለካልን የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ይለካ፣ ግዴታው ነው። ግን ቼርኖቤልን እናስታውስ። ፍንዳታው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 በእኛ አቆጣጠር ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ኪየቭ ውስጥ የሜይ ዴይ ሰልፍ ምንም እንዳልተፈጠረ ተደረገ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ አደባባይ ወጡ። ያኔ እዚያች ከተማ የሚማሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። የጎደለው መለኪያ አልነበረም፤ ባለሥልጣኖቹ ቁጥሩ እጃቸው ላይ ነበር። ሕዝቡ ግን የራሱ ቁጥር አልነበረውም።

ጃፓኖች ከዚህ የተማሩ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የፉኩሺማ አደጋ ሲደርስ ሴፍካስት የተባሉ በጎ ፈቃደኞች መለኪያ እየገጣጠሙ፣ መኪና ላይ እያሰሩ መንገድ ለመንገድ ለክተው ካርታውን ለሁሉም ክፍት አደረጉት። የበለጠ ደስ የሚለኝ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፉኩሺማ ተማሪዎች ትንሽ መለኪያ ለሁለት ሳምንት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚደርስባቸውን ጨረራ በየሰዓቱ መዘገቡ። ያንኑ የጃፓን ሌሎች ከተሞች፣ የፈረንሳይ፣ የፖላንድና የቤላሩስ ተማሪዎችም አደረጉ። ከ200 በላይ ተማሪዎችና መምህራን የተሳተፉበት ሥራ በሳይንስ መጽሔት ታተመ። ውጤቱ፦ ሰው ከሚኖርባቸው የፉኩሺማ ሰፈሮች የመጡት ተማሪዎች መጠን ከአውሮፓዎቹ ልጆች ጋር የሚቀራረብ ነበር። ይሄን ባለሥልጣን ቢለው ማን ያምነዋል? አሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ "ይኸው የእኔ አንገት ላይ የነበረው ቁጥር" ስትል ግን እናቷ ታምናለች። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝም ኖሮ መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ማመንጫው ይሠራበታል የተባለ ወረዳ ስሙ ይነገራል። የዚያ ወረዳ ሰው በማግስቱ የሚጠይቀው "ከዚህ በፊትስ ስንት ነበር?" ብሎ ነው። ከግንባታ በፊት የተለካ ቁጥር ከሌለ በኋላ የሚለካው ቁጥር ለጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚሆነው። አንድ ደህና የጨረራ መለኪያ ከአንድ ስማርት ስልክ ብዙም የሚወደድ ዕቃ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ በየክልሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ቢሰጣቸው፣ ልጆቹ በየወሩ ለክተው ደብተር ላይ ቢያሰፍሩ፣ ማንም ሊያስተባብለው የማይችል መዝገብ ይሆናል። የፊዚክስ መምህሩም ከጥቁር ሰሌዳ ውጭ የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

የአክስቴ ልጅ ፕሮጀክቱ ቢከለከልም ልኬቱን በግሉ ሠርቶታል። እንጦጦ ከሀና ማርያም ትንሽ በለጠ። አዋሽ ግን ያልጠበቀውን ያህል ብዙ ነጥብ ቆጠረበት፤ እንጦጦን ሁሉ አስከነዳ። ሁለት ሳምንት ሲጨነቅ ከርሞ፣ ሙቀት ራሱ ሴንሰሩ ላይ የውሸት ነጥብ እንደሚፈጥር ደረሰበት። እንደገና ሊለካ ስልኩን ከበረዶ ውሃ ጎን የማሳደር ዕቅድ አወጣ። ዘንድሮ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የማትሪክ ዓመት ስለሆነ እናቱ ስልኩን ቀምታዋለች። ታናሽ እህቱ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ስልኩንም፣ ናስትሮውንም፣ የበረዶውን ነገር ተረክባለች።